ኤክስ የማይለቀው ቀለም ቀቢ

ቀለም ቀቢው ጉልበቱ መሰላል አልወጣም ካለው ሰንብቷል። አሠሪው “ዲፕሎማህን ይዘህ ና፤ ቢሮ ቁጭ ብለህ ግምት ትሠራለህ” ስላለው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ የማታ ትምህርት ገባ። ሌላውን ሁሉ እንደምንም ተወጣው፤ ካልኩለስ ላይ ግን ሁለቴ ወደቀ። ሦስተኛ ከወደቀ ይባረራል። ሁለቴም የጣለችው መምህርት ደግሞ ባዳ አይደለችም፤ አዝሎ ያሳደጋት ታናሽ እህቱ ናት።

ክፍል ውስጥ እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ “እርስዎ” ይላታል። እሷ ግን ትረሳና “ጋሼ፣ እስቲ ወደ ሰሌዳው ና” ስትል ተማሪው በሳቅ ይፈርሳል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ ያው ነው። በኤክስና በዋይ የሚሠላ ድርብ ኢንቴግራል ሲሰጠው የሁለቱን ቅደም ተከተል ያገላብጣል፤ ከየት እስከ የት የሚሉትን ወሰኖች ግን እንደነበሩ ይተዋቸዋል። ላቡ ጠብ እስኪል ሠርቶ ሲጨርስ፣ ቁጥር ብቻ መሆን ያለበት መልስ ውስጥ ኤክስ ጉብ ብላ ትገኛለች። ቢነግሩት ቢያስረዱት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ከፈተናው በፊት በነበረው እሁድ እህቱ እናታቸው ቤት እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። የጓዳው የጎን ግድግዳ አናቱ በጣሪያው ተዳፋት የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ነው።

“ይሄን ቁም ለቁም ብትቀባው ብሩሽህ የት ይቆማል?”

“ጣሪያው ጋ ነዋ።”

“አግድም ብትቀባውስ?”

“ከተዳፋቱ ተነስቼ እስከ ማዕዘኑ። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ያጥራል። የሚፈጀው ቀለም ግን ያው ነው።”

“ያው ነው! የምትቆምበት ቦታ ነው የተለወጠው። ታዲያ ወረቀት ላይ ለምን የድሮውን ወሰን ተሸክመህ ትዞራለህ? ባንተ አሠራር እኮ ግማሹን ሰማይ ቀብተኸዋል! መሰላልህ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ደግሞ ቁርጥ ያለ ቁጥር ነው። የውጪው ወሰን እሱ ነው፤ እዚያ ኤክስ አይገባም።”

እናታቸው በመስኮት ብቅ አሉ። “አንቺ ልጅ፣ ምን ታደርቂዋለሽ? ማርኩን ስጪውና ይገላገል! ያዘለሽ እሱ አይደለም?”

“እማዬ፣ ላዘለኝ ሁሉ ማርክ አይሰጥም!”

ተፈተነ። አለፈ! ወሬውን ይዞ እናታቸው ቤት ሲበር ቢመጣ እናቱ አልፈውት ሄደው እህቱን አገላብጠው ሳሙ። “ተባረኪ፤ በወንድምሽ አልጨከንሽም” አሏት። ቀለም ቀቢው “በራሴ ነው ያለፍኩት!” ብሎ መሃላቸው ገባ።

“ነገ የፈተና ወረቀቴን ወስጄ ለሌላው፣ ጨካኝ ለሚሉት የሒሳብ መምህር እሰጠዋለሁ” አለ። “እሱ ያርመኝ።”

የእህቱ ፊት ዓመድ መሰለ። “ተው ጋሼ፣ በእናትህ።”

“ለምን?”

“የመጨረሻው መስመር ላይ ከእጅህ ቀለም ተለድፎበታል። አይነበብም። ኤክስ ይኑርበት አይኑርበት አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ማርኩን ሰጠሁህ።”

ቀለም ቀቢው ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን መዘዘና በራሱ እጅ አሳምሮ ወደ ቀባው የሳሎን ግድግዳ ሄደ።

“ኧረ ግድግዳዬን!” አሉ እናቱ።

የፈተናውን ጥያቄ በቃሉ ጻፈው። ቅደም ተከተሉን ገለበጠና እንደ ልማዱ የድሮዎቹን ወሰኖች አስቀመጠ። እህቱ አፏን ልትከፍት ብላ ከንፈሯን ነከሰች። እሱ ቆም አለ። ከጎኑ ሦስት ማዕዘን ሣለ፤ አየው፤ ከዚያ ወሰኖቹን በአውራ ጣቱ ጠራረገ። የውስጡን ከዋይ እስከ አንድ፣ የውጪውን ከዜሮ እስከ አንድ አደረገው። እያጉረመረመ እስከ ታች ወረደ። መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ጻፈና እርሳሱን መለሰ።

እናታቸው መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረመሩ። “ያቺ ኤክስ የምትሏት መልሱ ላይ አለች?”

“የለችም፣ እማዬ” አለ ቀለም ቀቢው።

እናትየው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። “ታዲያ አንቺን ምን ያስለቅስሻል?”

“ሳላምነው ነው የሰጠሁት፣ እማዬ።”