የአንድ ዓመት ቱቦ

ናስር ሸዋ በር አጠገብ የመኪና ቤንዚን መስመር ሲሠራ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። እኔ ወልደ ጊዮርጊስ ከጎኑ ጎሚስታ ነኝ። በሁለታችን መካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ የእሱ ጉዳይ ሁሉ ይሰማኛል። ባልሰማው ደስ የሚለኝም ነገር አለበት።

ስለ ሰውዬው መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር እንደማይዋሽ ነው። ነጋዴ ቱቦ ይዞለት ሲመጣ ዋጋ እንኳ አይጠይቅም። ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጥና ቤንዚን ባለበት የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ ያሳድራታል። በማግስቱ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ይጫናታል። ካበጠች ወይም ከለሰለሰች «ኧረ አቦ ውሰድልኝ፣ ይሄ ለአትክልት ማጠጫ ነው» ብሎ ይመልሳል። ካላበጠች ይገዛል፤ ለባለመኪናውም «አምስት ዓመት እንዳትነካው» ይለዋል። ናስር አምስት ዓመት ካለ አምስት ዓመት ነው፤ የከተማው ፔጆዎች ምስክር ናቸው።

ለጽጌ ብቻ አንድ ዓመት ይላታል።

ጽጌ የኒቆዲሞስ ሚስት ነበረች። ኒቆዲሞስ ሰማያዊ 404 ፔጆውን ይዞ ሃያ ዓመት ታክሲ ሠርቷል። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «መኪናዋን ሽጪያትና ሱቅ ክፈቺ» አላት። እሷ በአርባ አምስት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ራሷ መሪ ጨበጠች። ከሸዋ በር ወደ ሐኪም ጋራ ሰፈር ሰው ትጭናለች። መጀመሪያ አካባቢ የሚያሾፉ ነበሩ። አንዱን አሿፊ መንገድ ላይ አውርዳ ከነከረጢቱ ጥላው ከሄደች በኋላ ግን ሁሉም አደብ ገዛ።

እሷና ናስር ጀጎል ውስጥ በር ለበር ነው ያደጉት። በሃያ ዓመታቸው ገደማ በመካከላቸው አንድ ነገር ነበር። ምን እንደነበረ በትክክል አልነገረኝም፤ አንድ ቀን ብቻ «ወላሂ ወልዴ፣ እሷን ያየሁ ቀን ምግብ አልቀምስም ነበር» አለኝ። እሱ የቁርአን አስተማሪ ልጅ፣ እሷ የቄስ የልጅ ልጅ። ወሬው ትልልቆቹ ጆሮ ሳይደርስ ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። እሷ ኒቆዲሞስን አገባች። እሱ ዘሀራን አገባ፤ መልካም ሴት ነበረች፣ በፍቅር ኖሩ፣ ከቀበራት ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ከቀሩ በኋላ ማንም አልከለከላቸውም። ግን ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ሃይማኖት አለ። እነሱም ራሳቸው አልጠየቁም።

ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን ያመጣችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነው። ናስር ጥሩ ቱቦ ገጠመላትና «በዓመቱ አምጪው፣ መቀየር አለበት» አላት። እኔ ከዚህ ማዶ ሆኜ ተሳስቼ ነው የሰማሁት ብዬ ጆሮዬን ጠረግሁ። በዓመቱ መጣች። አሮጌውን ፈትቶ ሲጥለው አንስቼ አየሁት፤ የአዲስነት ሽታው እንኳ አልለቀቀውም።

«ይሄ ምኑ ነው ያረጀው?» አልኩት እሷ ከሄደች በኋላ።

«የሷ ሞተር ይሞቃል።»

«የሚሞቀውስ ያንተ ሞተር ነው።»

ሁለት ቀን አኩርፎኝ ከረመ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ዓመት በዓል ሆነ። ሐምሌ ሲጋመስ ናስር ጢሙን ያስተካክላል፣ ወለሉን በመጋዝ ብናኝ ይጠርጋል፣ የምትቀመጥበትን ጎማ ከእኔ ተውሶ በጨርቅ ይወለውላል። የግማሽ ሰዓቷን ሥራ እስከ ቀትሩ ዙሁር ሶላት ይጎትታታል። የሚያወሩት ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሞቱ ጎረቤቶች ነው። ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ የማይሰማ ጆሮ የለኝም። ስትሄድ እስከ አደባባዩ ድረስ በዓይኑ ይሸኛታል። የዚያን ዕለት ሌላ ሥራ አይሠራም። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ።

ዘንድሮ ግን የመጣችው በጥር ነው። ትልቅ ካርቶን ከመኪናው አወረደች።

«ቤዛ ወለደች» አለችው። ቤዛ ድሬዳዋ የምትኖር ልጇ ናት። «ጠቅልዬ እሷ ጋ ልሄድ ነው። መኪናዋንም ይዣት እወርዳለሁ። የድሮው የቤንዚን ታንከር በብየዳ ብዛት ወንፊት ሆኗል፤ ቤዛ ይሄን ከጅቡቲ አስመጥታ ላከችልኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ናስር «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ለውድድር መኪና የሚሠራ ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር ነው። ውስጡን ስፖንጅ ሞልቶታል፤ መኪና ቢገለበጥ ቤንዚኑ እንዳይናወጥና እንዳይፈስ ነው አሉ። ክዳኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። አብሮት ቀይና ሰማያዊ የአሉሚኒየም መገጣጠሚያዎች የሞሉበት ከረጢትና ላዩ በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ መጥቷል።

ናስር እንደ ሰዓት ሠሪ ሁሉንም ጨርቅ ላይ ደረደረ። አንዱ ቀዳዳ ወደ ሞተር የሚሰጥ ነው። አንዱ ትርፍ ቤንዚን የሚመልስ ነው፤ የጽጌ ሞተር ስለማይመልስ ደፈነው። አንዱ መተንፈሻ ነው። «ታንከር ካልተነፈሰ አይሰጥም» አለኝ። ለመተንፈሻው መኪናው ሲገለበጥ የምትዘጋ ኳስ ያለችበትን መርጦ፣ ቱቦውን መጀመሪያ ሽቅብ ወስዶ ከዚያ ወደ ውጭ ሊያወርደው አሰበ። እኔም ልርዳ ብዬ መገጣጠሚያውን በቧንቧ ሠራተኞች ነጭ ላስቲክ ልጠቀልል ስል እጄን መታኝ።

«አንተ ሰው፣ ውሃ ነው እንዴ! ይሄ አፉ ሾጣጣ ነው፣ ብረት በብረት ነው የሚዘጋው። ላስቲኩ ተበጣጥሶ ካርቡራተር ውስጥ ይገባል።»

«ወፍራሙን ቱቦ አድርግላት እሺ።»

«ፓምፑ የሚስበውን ያህል ነው የሚበቃት።»

ሙያውን እንዲህ ያውቃል። የቀረው አንድ ምርጫ ነበር፤ እሱ ላይ ሁለት ቀን ቆመ። በሽቦ የተጠለፈው ቱቦ ከነመገጣጠሚያው አለ። ተራው ጎማ ቱቦም በፋሼታ፣ በብሎን በሚጠብቅ ቀለበት፣ ታስሮ ይሠራል። የሁለቱንም ቁራጭ ብርጭቆ ውስጥ አሳደረ። በነጋታውም፣ በሦስተኛው ቀንም አንዳቸውም አላበጡም።

ሐሙስ ዕለት ወደ እኔ መጥቶ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ድሬ ሙቀት ነው» አለኝ። «ተራው ቱቦ እዚያ ሙቀት ውስጥ በዓመቱ ይደርቃል። አየህ ወልዴ? አንድ ዓመት ብላት አሁን ውሸት አይሆንም።»

«ድሬዳዋ መካኒክ የለም?»

«ለሌላ ሰው አትሰጥም። በዓመት አንዴ ትመጣለች።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ካልመጣች መቼም አላያትም። ምን ብዬ ነው ድሬ የምሄደው? የማን ዘመድ ነኝ ብዬ?»

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሳሾፍበት ኖሬያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ማሾፍ አላሰኘኝም። ሰው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ናፍቆት የሚቀልለው ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነኝ።

«ቀድሞ ቢደርቅስ?» አልኩት። «ረስታ ሁለት ዓመት ብታስቀምጠውስ? ወደ ድሬ በሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ላይ?»

«ሕፃኑንም ትጭንበታለች» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ተነስቶ ሄደ። ወዲያው በቆርቆሮው በኩል የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ሽቦው እንዳይበተን ቱቦውን በፕላስተር ጠቅልሎ በቀጭን ጥርስ መጋዝ እየቆረጠ ነበር። ሽቦ የለበሰ ቱቦ የሚነካውን ሁሉ ስለሚሞርድ፣ ከሥር በየስንዝሩ ጎማ ባለው ማሰሪያ አሰረው። ከጭስ ማውጫው ማርሚታ አርቆ አሳለፈው። በሕይወቱ እንዲህ የተዋበ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም።

ጽጌ የመጣችው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ዘንድሮ ጎማው ላይ አልተቀመጠችም፤ ዕቃ የሚጭኑ ሰዎች ቤቷ እየጠበቋት ነበር። እሱ የመኪናዋን የኋላ ክዳን ከፍቶ እያንዳንዱን ነገር አሳያት። ከዚያ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ጽጌ፣ ይሄ ዐሥር ዓመት አይነካም።»

«ዐሥር?»

«አዎ። የድሮውም አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። በየዓመቱ ስዋሽሽ ነው የኖርኩት። አፉ በይኝ።»

እኔ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

ጽጌ ቁልፉን ከእጁ ተቀበለች። «ናስር፣ እኔ እኮ የሹፌር ሚስት ነበርኩ» አለችው። «ኒቆዲሞስ በሃያ ዓመት ውስጥ ቱቦ የቀየረው አራት ጊዜ ነው። ስንት እንደሚቆይ የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ...»

«ታዲያ ምን? ስድስት ወር ብትለኝ ኖሮ በስድስት ወሩ እመጣ ነበር።»

ገብታ በሩን ዘጋች። ሞተሩ ቤንዚኑ እስኪደርሰው ትንሽ አንገራገረና ተነሳ። ሚኒባሶቹ መሃል ገባች። አደባባዩን ስትዞር በመስኮት እጇን አወጣች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር አላያትም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ከሰዓቱ ዐሱር ሶላት ሲደርስ በቆርቆሮው በኩል ጠራኝ።

«ወልዴ።»

«አቤት።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በየስድስት ወሩ ቢሆን ስንት ጊዜ ይሆናል?»

ሒሳብ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

«ሃያ ሁለት» አልኩት።

«ሃያ ሁለት» አለ።