ከእማማ ትርንጎ ወንበር በላይ የሰቀልኩት ፈርን

ዓርብ ማለዳ፣ ቤር ሼቫ፣ እስራኤል

ባዶ ሻንጣ አዝዬ ከሰፈሬ ከሽኩና ሄ የወጣሁት ገና በጧቱ ነው። የምሄደው ሐዴራ አጠገብ ወዳለ አንድ የችግኝ ቤት፣ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ላመጣ ነበር። እንጀራዬ አጠገባችን ባለችው ዖሜር ውስጥ የሰው ግቢ አትክልት መንከባከብ ነው። ትርፍ ጊዜዬን ግን ዛፍ ላይ ተለጥፈው ለሚኖሩ ተክሎች መደገፊያ እየሠራሁ አሳልፋለሁ። እነዚህ ተክሎች አፈር አይወዱም። ሥሮቻቸውን ውኃ እንደ ስፖንጅ በሚይዝ የደረቀ የዛፍ ሽበት ጠቅልለህ፣ ሣንቃ ወይም ቅርፊት ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር ታስርና ትሰቅላቸዋለህ። ሚስቴ ቤቱን ጫካ አደረግኸው እያለች ማማረር ከጀመረች ቆይታለች። ለዚያ ሰንበት ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳ ስለነበር የሚያማርርብኝም አልነበረም።

ትልቁን ሥራዬን የሰቀልኩት ግን እኛ ቤት ሳይሆን እማማ ትርንጎ በረንዳ ላይ ነው። እማማ ትርንጎ ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ የጎንደር ቤተ እስራኤል አሮጊት ናቸው። ቅጠሉ እንደ አጋዘን ቀንድ የተንጨፈረረ ፈርን የሚባል ተክል ከዖሜር አምጥቼ፣ ወፍራም ሣንቃ ላይ አስሬ፣ ጣሪያቸው ላይ ልክ ከወንበራቸው በላይ ሰቀልኩላቸው። ጥላ ስለሚሆናቸው ራሳቸው ናቸው ቦታውን የመረጡት። ውለው የሚያመሹት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ስልካቸውንም ከወንበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥለው ይተዉታል፤ ቤቱ ውስጥ መስመር የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው።

ስወጣ ከበረንዳው አዩኝ።

«ወዴት ነው በጧቱ?»

«ወደ ሐዴራ፣ እማማ። ቅርፊት ላመጣ።»

«በል ሰንበት ሳትገባ ተመለስ። ይኸን ዛሬ በደንብ አጠጣዋለሁ። ነገ ሰንበት ነው፣ አልነካውም፤ እንዳይጠማው።»

ሳቅሁና እጄን አውለብልቤ ሄድኩ።

በባቡር

ባቡሩ ለሰንበት ወደየቤታቸው በሚመለሱ ወታደሮች ተሞልቶ ነበር፤ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይተኛሉ። ቡናማው ኮረብታ ከላሃቪም ጣቢያ በኋላ ቀስ እያለ ወደ እርሻ ይለወጣል። ቴል አቪቭ ባቡር ስቀይር ድንች ያለበት ቡሬካስ፣ ሳንቡሳ መሳይ ነገር፣ ገዛሁ፤ የትናንት ነበር መሰለኝ፣ እንደ ጫማ ቆዳ ነው የታኘከው። ከሐዴራ ጣቢያ ደግሞ በብርቱካን እርሻዎች መሃል የሚሄድ አውቶቡስ ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

የችግኝ ቤቱ

የችግኝ ቤቱ ባለቤት ፀጉሩ የነጣ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። መረብ በለበሰው ቤት ውስጥ እርጥበቱ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ፈርኖቹ ከየቅርፊታቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ቅርፊቴን መርጬ ሻንጣዬ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ፣ ልኩራራ ብዬ የእማማ ትርንጎን ፈርን በስልኬ አሳየሁት። አድንቆ ሳይጨርስ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው።

«የያዘው ምንድን ነው?»

«መንጠቆ ነው።»

«መንጠቆውንስ ጣሪያው ላይ ምን ያዘው?»

«ዲቤል» አልኩት፤ ግድግዳ ተበስቶ የሚሰካ የፕላስቲክ መሰኪያ ነው።

አንድ ደረቅ ፈርን ከነቅርፊቱ በግራ እጄ አስያዘኝ። ሌላውን ከውኃ ገንዳ አውጥቶ በቀኝ እጄ ሰጠኝ። ቀኝ ክንዴ ቁልቁል ወረደ።

«ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ጣሪያ ላይ ግን ፕላስቲክ አይታመንም። ሲጠጣ ይከብድና መሰኪያውን ይዞ ይወርዳል። ከሥሩ ሰው ይቀመጣል እንዴ?»

እማማ ትርንጎ «በደንብ አጠጣዋለሁ» ያሉት ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

መልስ

ከችግኝ ቤቱ በር ጀምሬ መደወል ያዝኩ። ቀትር አልፏል፤ አይነሣም። እማማ ትርንጎ እንደ ብዙዎቹ አረጋውያኖቻችን ሰንበትን የሚቀበሉት ቀደም ብለው ነው፤ ፀሐይ ገና ሳለች፣ ዓርብ ቀትር ካለፈ እሳትም ስልክም አይነኩም። ለሚስቴ ደወልኩ፤ እሷም እኛ ሰፈር ሰው ልታገኝልኝ አልቻለችም። ከሰንበት በፊት የሚነሣውን የመጨረሻውን ባቡር ለጥቂት ደረስኩበት። በየመስኮቱ የማየው ያ ወንበር ብቻ ነበር። አሮጊቷ ከሥሩ ተቀምጠው፣ ጠብታው ነጠላቸው ላይ እየወረደ፣ ቀና ብለው ሲያዩ። ቁጥሩን ሁለቴ ሳትኩ።

«ዶድ፣ ሃኮል ቤሴዴር?» አለችኝ ከፊቴ የተቀመጠች ወታደር፣ እንደኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ። አጎቴ፣ ደህና ነህ ወይ ማለቷ ነው።

«ጎረቤቴ፣ አሮጊት ናቸው፣ ስልክ አላነሣ አሉ።»

«የኔም ሳቭታ ዓርብ አታነሣም» አለች፣ አያቷን ማለቷ ነው። «ዝም ብለህ ደውል። ሰው አጥብቆ ሲፈልጋት ትነሣለች።»

እሷ እንዳለችው አደረግኩ። ባቡሩ ኪርያት ጋት ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል እንኳ ደወልኩ። አንሡት እንጂ፣ እባክዎ አንሡት እያልኩ፣ በሃይማኖታቸው ተናደድኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሽኩና ሄ

ከጣቢያው ሮጥኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በራቸው አልተቆለፈም ነበር።

«እማማ!»

«ምነው ልጄ፣ ምን አሳደደህ?» አሉ ከመኝታ ክፍላቸው። አልጋቸው ላይ፣ የሰንበት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

በቀጥታ ወደ በረንዳው ገባሁ። ሣንቃው ወንበሩ ላይ ነበር። የወንበሩ መደገፊያ ተሰብሯል፣ ልስኑ ወለሉን ሞልቶታል፣ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ቀርቷል። ጣቴ በልማድ ይሁን በድንጋጤ አንድ ጊዜ ደግሞ ደወለ። ከእርጥቡ ሽበት ሥር የስልካቸው የታፈነ ጩኸት ተሰማ።

እማማ ትርንጎ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ሲጮኽ ነው የዋለ። የጨነቀው ሰው ቢሆን ነው ብዬ ወንበሩ ድረስ ልሄድለት እግሬን ካልጋው አውርጄ ነበር። ኋላ ሰንበት ገብታለች ብዬ ተውኩት። እየጮኸ ሳለ ነው ዷ ያለው።» ሣንቃውን አዩት። «ማን ይሆን እንዲያ የጠራኝ?»

ጥሪውን ዘጋሁ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ልስኑን ልጠርግ ብል አልፈቀዱም። ሰንበት ስትወጣ ይጠረጋል አሉ፣ ዳቦም ቆርሰው ሰጡኝ።

ከሐዴራ ያመጣሁት ቅርፊት ለዚያው ፈርን ሆነ። አሁን ሰፊ እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ታስሮ፣ በረንዳው ጥግ መሬት ላይ ቆሟል። ከሰው ራስ በላይ ምንም አልሰቅልም። ዓርብ ከቀትር በኋላም ለእማማ ትርንጎ አልደውልም፤ ጉዳይ ካለኝ ደረጃውን ወርጄ አንኳኳለሁ።