እናቴን ያስቀመጣት ተረት

ልጅ ሳለሁ እንደ አባባ ወልዴ ተረት የሚያውቅ ሰው በሐረር ያለ አይመስለኝም ነበር። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አጠገብ ባለችው ቤታችን የመደቡ ጥግ የእሳቸው ነበር። ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ፍሙን በእንጨት ጫፍ ይነካኩታል፤ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። አፋቸው ማር ነበር። ይህን የምለው ግን ላመሰግናቸው አይደለም፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ያኔ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከቤት አይወጣም፣ ፀሐይ አያየውም፣ መርፌ ከነካውማ አለቀለት ይባል ነበር። ማን እንዳለው የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ተፈራ ሦስት። ሁለታችንንም በአንድ ሳምንት ያዘንና መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ ተለኩሶ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው ተኛን። አባታችን ለሥራ ድሬዳዋ ስለነበር የቤቱ ቃል የአባባ ወልዴ ነበር። እኔ እየተሻለኝ ሄደ። ተፈራ ግን ደረቱ ውስጥ ገባበት፤ ሲተነፍስ ጎኑ ስርጉድ ስርጉድ ይላል፣ ማልቀሱንም ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ብድግ ብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«አባባ፣ ይሄ ልጅ እያለቀብኝ ነው። ሆስፒታል ልውሰደው» አለች።

አባባ ወልዴ አልተቆጡም። ቢቆጡማ ጥላቸው ትሄድ ነበር እላለሁ ዛሬ። «እስቲ አንዴ ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉና ተረት ጀመሩ። ቸኩላ የታመመ ልጇን ፀሐይ ላይ ስላወጣች አንዲት እናት ነበር፤ ኩፍኙ እንደተባረረ እንግዳ ተቀይሞ፣ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ልጇን ከጀርባዋ ላይ እንደወሰደባት። የሴትዮዋን ለቅሶ ሳይቀር አለቀሱላት። እናቴ ተፈራን ታቅፋ እንደቆመች ናት። ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እማዬ፣ ተረቱ እስኪያልቅ ቁጭ በይ» አልኳት። ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ፋጡማ መጣች። ከከተማው ውጪ ካሉት መንደሮች በየቀኑ ወተት ይዛልን የምትመጣ ሴት ናት። ገብታ ተፈራን ስታየው የወተት ዕቃዋን መሬት አስቀመጠች።

«እንዲህ ሲተነፍስ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሦስት» አለች እናቴ።

አባባ ወልዴ «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ አንቺ ሴት...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። እኔንም እንዲህ ብለውኝ ልጄን ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀበርኩት። ወላሂ፣ ይሄኛውን ቁጭ ብዬ አላይም።»

መልስ አልጠበቀችም። ተፈራን አዘለችው፣ እናቴ ተከተለቻት፣ እኔም ማንም ነይ ሳይለኝ ተከተልኩ። በፈረስ መጋላ አደባባይ አቋርጠን ከግንቡ ውጪ ወዳለው ሆስፒታል እየሮጥን ሄድን። ጨለማ የለመደው ዓይኔ በፀሐዩ እንባ ያነባል፤ የተቀየመው እንግዳ እስኪደርስብኝም ወደኋላዬ እያየሁ እጠብቅ ነበር።

በልጆቹ ክፍል አንድ አልጋ ላይ ሁለት፣ አንዳንዱም ላይ ሦስት ልጅ ተኝቷል። አንሶላ የሌለው ፍራሽ ይበዛል። ነርሷ ተፈራን ስታየው እናቴ ላይ ጮኸች። «እስካሁን የት ነበራችሁ? ትናንት እንኳ ብታመጡት ምን ነበረበት?» የሳንባ ምች ነው ተባለ። ትናንት እናቴን ያስቀረናት እኔና አባባ ወልዴ ነን።

መርፌውን በየቀኑ ተወጋ። አራት ቀን ሙሉ ይተርፋል ብሎ አፉን ሞልቶ የነገረን ሰው አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ወተት ብሎ አለቀሰ። ያመጣችለት አዴ ፋጡማ ናት፤ ለእሱ ብቻም አይደለም፣ ጠያቂ ለሌላቸው የገጠር ልጆችም ታጠጣ ነበር። እናቴም ከዚያ ወዲህ፣ ጉልበቷ እስኪከዳት፣ የሰፈሩን ሴቶች አስተባብራ ለዚያ ክፍል አንሶላ ስትሰፋና ስታጥብ ኖረች። አንድ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙ መጥተው «አንሶላው ንጹሕ ነው» ብለው ሄዱ። ማን አጠበው ያለ የለም።

ተፈራ ድኖ ቤት በገባ በሳምንቱ፣ አመሻሽ ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ አባባ ወልዴ ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት አዲስ ተረት ጀመሩ። እናቱ የሽማግሌ ቃል ሰምታ፣ ታግሣ ጨለማ ውስጥ ስላቆየችው የዳነ ልጅ ተረት። ጎረቤቱ «እሰይ» አለ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ያዳነው መርፌ ነው። ያዘለችውም አዴ ፋጡማ ናት።»

እናቴ በጥፊ አለችኝ። ሽማግሌ በሰው ፊት አይዋረድም። ስተኛ ግን መጥታ ጉንጬን ዳበሰችና «ያልሽው እውነት ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ለምን በሹክሹክታ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባባ ወልዴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ። እስከ መጨረሻው ተሳስቻለሁ አላሉም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። በለቅሶው ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩት ግን እኔ ነበርኩ፣ እንደሳቸው ተረት የሚያወራልኝ ሰው ስለማላገኝ። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።