የጋሼ መዝሙር የተቆለፈበት ላፕቶፕ

የቤተ ክርስቲያናችን ላፕቶፕ አፕዴት ካደረገ በኋላ አልከፈት ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተገትሮ ቀረ። ሪከቨሪ ኪ አስገቡ ይላል፤ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር። ሽማግሌያችን ጽሑፉን እንኳ አንብበው ሳይጨርሱ «ይሄ ጠላት ነው» አሉና እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ ጭነው ይጸልዩ ጀመር። እኔ በየእሑዱ የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ የማወጣው ሰው፣ አጠገባቸው ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ላድርግ? አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ ሰማያዊው ስክሪን እዚያው ነው።

ቁጥሩ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ላፕቶፑ ሲገዛ በራሱ ኢሜይል ሴታፕ ያደረገው ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነበር፤ ቁጥሩም ያለው በእሱ አካውንት ላይ ነው። እሱ ደግሞ ባለፈው ዓመት፣ መድረኩን ማን ይምራ በሚል ጠብ፣ የምእመኑን ግማሽ ይዞ ካናል ዊንቸስተር የሚባለው ጎረቤት ከተማ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ግሮሰሪ ውስጥ ቢገናኙ አንዱ ወደ ሽንኩርቱ፣ ሌላው ወደ ሩዙ ይዞራል። ወንጌል እንሰብካለን ደግሞ!

«እነሱን ከምለምን ላፕቶፑ ይቅር» አሉ ሽማግሌው።

ይቅር? የአንጋፋው ዘማሪያችን የጋሼ መዝሙሮች በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። ጋሼ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ንግግር የምታለማምዳቸው ስፒች ቴራፒስት ለባለቤታቸው ለእትዬ፣ «መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዘመር አያቅተውም፤ ራሱ የዘመረውን ፈልጉና አሰሙት» ብላቸዋለች። እትዬ ይኸው በየቀኑ ይደውሉልኛል። የኛ ሰው ግን ክብሩን ይጠብቃል!

ላፕቶፑን ይዤ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ለኪቦርድ ተጫዋቹ ደወልኩ።

«ሽማግሌው ራሳቸው ይደውሉና ይቅርታ ይጠይቁኝ» አይለኝም!

ደሜ ፈላ። «አታፍርም? ጋሼ አፋቸው ተይዞ ተቀምጠዋል፣ አንተ ይቅርታ ትጠብቃለህ? የልጅህን ስም ያወጡልህ እሳቸው አይደሉም?»

«እሺ፣ ቆይ» አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን የቁልፍ መለያ አስነበበኝና ከአካውንቱ ጋር አመሳክሮ ቁጥሩን በቴክስት ላከልኝ።

ተመልሼ ሽማግሌው ፊት አስገባሁት። ተከፈተ። «ጌታ ይመስገን፣ ጸሎታችንን ሰማ!» አሉ። እኔ ወደ ጋሼ ፎልደር ሄድኩ፤ የለም። የተሰረዘ ፋይል የሚጠራቀምበት ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገባሁ፤ ባዶ። ቀና ስል ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«እነዚያ ሲሄዱ የእነሱ ኪቦርድ ያለበትን መዝሙር ሁሉ ዲሊት አድርጌው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የጋሼም በዚያው ሄዶ ይሆናል።»

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች! ያን ሁሉ እጅ ጭነው የጸለዩት በገዛ እጃቸው ባዶ ያደረጉትን ለማስከፈት ነው። ታላቅ ናቸውና ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ ያንቀኛል።

ፎረስት ፓርክ ሰፈር እነ ጋሼ ቤት ሄጄ የሆነውን ለእትዬ ነገርኳቸው። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

«ድሮስ ከእነሱ ምን ይጠበቃል!» አሉ እትዬ። «ተዪያቸው፤ እኔው እዘምርለታለሁ።»

እትዬ አንድ ቀን ኳየር ተጠግተው አያውቁም፤ ድምፃቸውም የሚሰማ አይደለም። የጋሼን መዝሙር ጀመሩና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቱ። ደገሙት፤ አሁንም ሳቱ። የጋሼ ፊት ተኮሳተረ።

«አይደለም!» አሉ ጋሼ።

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ «ተቆጣኝ የኔ ጌታ» አሉ እንባቸው እየወረደ፣ «ተቆጣኝ!» ብለው ሆን ብለው እንደገና አበላሹት።