በሃያ ሜትሩ መሀል

የባቡር መስመር ከጎንደር ወደ ሰሜን ወገራን አቋርጦ እንዲያልፍ ይጠና በነበረበት ጊዜ ሥራዬ መሬት መቁረጥ ነበር። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ሐዲዱ በሚያልፍበት ሁሉ፣ በየሃያ ሜትሩ፣ መሬቱን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርጠን ጎኑን እንስላለን። የት እንደሚቆፈር፣ የት አፈር እንደሚሞላ፣ የውሃው ቦይ በየት እንደሚወርድ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ክሮስ ሴክሽን ይባላል፤ እኛ ግን ቁርጥ እንለው ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ የቢሯችን ሽማግሌ ነዳፊ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም እያንዳንዷን መስመር አንድ በአንድ ነበር የሚያሰምሩት፤ መስመሩንም በእግራቸው ሄደው ሳያዩ አይስሉም። በሃያ ሜትሩ መሀል ምንጭ ወይም ገደል ካገኙ ሜትራቸውን አውጥተው ይለኩና ትርፍ ቁርጥ ይጨምራሉ። እኔ በልቤ ጊዜ ገዳይ እላቸው ነበር። ያኔ ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነበርኩ።

አንድ ክረምት ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር የመስመሩን ሞዴል ሠራሁ። የሐዲዱን አልጋ ስፋት፣ የጠጠሩን ውፍረት፣ የጎኑን ተዳፋት በቁጥር አስገባሁ፤ አንዱን ቁጥር ስለውጠው ሌላው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያም ሶፍትዌሩ ቁርጦቹን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ቁጥር ሰጥቶ፣ ራሱ በወረቀት ላይ እንዲደረድር ትእዛዝ ጻፍኩለት። ጋሼ ሁለት ወር የሚለፉበትን በአንድ ጠዋት ጨረሰው። አለቃችን አመሰገነኝ። ለጋሼ ደግሞ ውላቸው እንደማይታደስ ነገራቸው። ሁለቱም የሆነው በአንድ ቀን ነው።

ዕቃቸውን በፌስታል ሰብስበው ሲወጡ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለችውን ትርፍ ቁርጥ እንዳትነኪብኝ።»

«ምን አለ እዚያ፣ ጋሼ?»

«እናቴ አለች።»

እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ ቤተ እስራኤል። ደርግ ሊወድቅ ሲል ዘመድ ሁሉ ወደ እስራኤል ሲሄድ እናትየው በጠና ታመው ስለነበር ጋሼ አብረዋቸው ቀሩ። እናትየው በዚያው ዓመት አረፉ። ዘመዶቻቸው ትተውት ከሄዱት ባዶ መንደር በታች ሰባት የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ አንዱ የእናታቸው ነው። ስምም ጽሑፍም የለበትም። የትኛው እንደሆነ ጋሼ ለክተው ያሰፈሩት በዚያች ቁርጥ ላይ ብቻ ነው። ስዕል ላይ የታየ መቃብር ደግሞ መስመሩ የሚነካቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝር ውስጥ የገባውን ቤተሰብ ሳይጠየቅ ማንም አይነካውም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉና ሳቁ።

«በእኔ ይጣሉት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ስዕሎቹ ሊላኩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቁጥራቸው ተዘበራረቀ። ያች የጋሼ ቁርጥ ከሃያ ሜትሩ ልክ ውጪ ስለሆነች ትእዛዜ እሷ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ለጊዜው ላውጣትና በኋላ እመልሳታለሁ ብዬ አጠፋኋት፤ ፋይሉንም በላዩ ላይ ሴቭ አደረግሁት። ስዕሎቹ አምረው ወጡ። ከዚያ ረሳኋት። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ረሳኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

የአፈር ምርመራ የሚያደርጉት ሰዎች የመቦርቦሪያ ማሽናቸውን ለማስገባት በመስመሩ ላይ በዶዘር መንገድ ጠረጉ። በዝርዝሩ ላይ መቃብር የሚል ነገር አልነበረም። ጋሼ መቃብሩ መጠረጉን ከአካባቢው ገበሬዎች ተደውሎ ሲነገራቸው ቢሮ መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ ያችን ቁርጥ አትሚልኝ» አሉ። ድንጋዩ ቢጠረግም ልኬቱ ካለ ቦታውን አገኘዋለሁ ብለው ነው።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከእሷ በፊት ያለውንና ከእሷ በኋላ ያለውን ቁርጥ አሳየኋቸው። በሁለቱ መሀል ሶፍትዌሩ መሬቱን ለጥ ያለ ሜዳ አድርጎታል።

«አጥፍቻታለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ጋ ኮፒ የለም?»

«አንቺ ጋ አለ ብዬ» አሉ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ከመኪና ወርደን በእግር ስንደርስ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ መጣ።

«አያ፣ ምነው ቀድመው ባልነገሩን? የመንግሥት ሥራ ነው ብለው ወረቀት አሳዩን። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።»

ወረቀቱ የእኔ ነበር። ጥግ ላይ ፊርማዬ አለበት።

ዶዘሩ የሰባቱንም ድንጋይ ደባልቆ ወደ ዳር ገፍቶታል። የቀረው የተገለበጠ ጥቁር አፈር ነው። ያ ባቡር እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እንዲያው በከንቱ ነው የተጠረገው። በእናታቸው ወገኖች ወግ መቃብር አይረገጥም፣ ጋሼም በነዚያ ሁሉ ዓመታት ራቅ ብለው ቆመው ተሳልመው ነበር የሚመለሱት። ያን ቀን ግን አፈሩ ላይ ገቡ። ወደ ተራራው አዩ፣ ወደ ባዶው መንደር አዩ፣ እየተራመዱ በአፋቸው ቆጠሩ፣ ተመልሰው እንደገና ቆጠሩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ተንሰቅስቄ አለቅሳለሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ዘወር ብለው አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ።

«እዚህ ናት፣ አወቅሁት» አሉ። «በይ አታልቅሺ፣ ድንጋይ አቀብዪኝ።»

በዚያ ቦታ ላይ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ አልፈውበታል። እንዳላወቁት አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለው ነው። ድንጋይ አቀበልኳቸው።