በቱቦው ውስጥ የቀረው ጨርቅ

ምስጋናው ፈሪ ነበር፤ ይህን ደግሞ ራሱም አይክድም። አርካዊት ሰፈር ውስጥ ባለችው ጋራዥ አምስት ዓመት ሲሠራ፣ የፖሊስ ፒካፕ ባለፈ ቁጥር አንድ መኪና ሥር ይገባል። ኢቃማ የሌለው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ያላወጣ ሰው፣ ካርቱም ውስጥ ከሥሩ ገብቶ የሚጠግነው መኪና አያጣም፤ መኪናው ጤነኛ ቢሆንም እንኳ።

የዚያን ዕለት ያስፈራው ግን መኪናው ራሱ ነው። ባለቤቱ ረሺድ ይባላል፤ አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ይኖራል። ሥራው ምን እንደሆነ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። መኮንን እንደሚጠሩት ሁሉም «ጀናቡ» ይሉታል፤ ይሉና ዞር ይላሉ። በጥር ወር «ኢቃማ አወጣልሃለሁ» ብሎ የምስጋናውን ፓስፖርት፣ እዚያ ጀዋዝ የሚሉትን፣ ወሰደ፤ ወሰደ፣ በዚያው ቀረ።

አሁን ሚያዝያ ነው፤ መንግሥት ከወደቀ ሳምንቱ። ረሺድ በጠዋት መጥቶ ከመኪናው ሲወርድ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው ተገላመጠ።

«ያ ኡስታ፣ ይሄ መኪና ጉልበት የለውም። ከዐስር ሶላት በኋላ እወስደዋለሁ። ረጅም መንገድ አለብኝ።»

«ሐዲር፣ ጀናቡ» ብሎ እሺ አለ ምስጋናው።

መኪናው ሱፐርቻርጀር አለው፤ በቺንጋ እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ሞተሩን የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። አየሩ ካነሰ ያ ሁሉ ጉልበት ወሬ ሆኖ ይቀራል። ምስጋናው ጌጁን ሲያይ ግፊቱ ከግማሽ አልፎ አይወጣም። ቺንጋው ይንሸራተት እንደሆነ አየ፤ አዲስ ነው፣ ውጥር ብሏል። አየር ያፈተልክ እንደሆነ ብሎ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀባ፤ አንድም አረፋ አልወጣም። መሣሪያው ላይ ያለው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ፋብሪካው ከገጠመው ያነሰ ነው። አል-ጣኢፍ ሰፈር ያለ አንድ ባለኮምፒውተር መካኒክ፣ ሕመሙን ሳያገኝ መድኃኒት አዝዞ፣ መሣሪያው እንዲፈጥን ትንሽ ፑሌጃ አስገብቶበታል፤ የሞተሩንም ቅንብር ለዚያው ብሎ ለውጦታል።

እኩለ ቀን ላይ ጀሚላ ደወለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ረሺድ ቤት ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ወንድምዬ፣ ሰውየው ልብሱን በሻንጣ እየከተተ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ማዳሟን ትናንት ሸኝቷታል። የኔንም ያንተንም ጀዋዝ ከሌላው ወረቀት ጋር ቦርሳው ውስጥ ሲጨምር አየሁት። ይዞብን ሊጠፋ ነው፤ ወላሂ ፈርቻለሁ።»

ምስጋናው ስልኩን ዘግቶ የቀረውን አንድ ቦታ፣ አየር የሚገባበትን ቱቦ ፈታ። እጁን ሰደደ። ጣቱ የነካው ነገር ለስላሳ ነበር።

ሲስበው ቢጫ ጨርቅ ወጣ፤ ከራሱ አሮጌ ማሊያ ቀዶ የወሰደው ቢጫ ጨርቅ።

በጥር ይህንኑ መኪና ሲያጸዳ ነበር። ካርቱም ውስጥ ቱቦ ከፍቶ መተው ሞተርን አሸዋ ማብላት ስለሆነ፣ የተከፈተ አፍ በጨርቅ ይወተፋል፤ ደንቡ ነው። ወትፎ ሳይጨርስ ሰልፍ ከሚበተንበት ከቡሪ ሰፈር በኩል አስለቃሽ ጭስ መጣ፤ ከጭሱ ኋላ ዱላ የያዙ የጸጥታ ሰዎች። ምስጋናው በግንብ ዘለለ። የጋራዡ ባለቤት፣ ሽማግሌው አብዱልሰላም፣ ከላይ ያየውን ገጥሞ መኪናውን አስረከበ። ጨርቁም ወደ ውስጥ ተንሸራቶ፣ የቱቦው መታጠፊያ ላይ ሦስት ወር የአየሩን መንገድ አጥብቦ ኖረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጨርቁን ኪሱ ከትቶ ዝም ቢል ማን ያውቃል? መኪናው እንደ አዲስ ይበርራል። ግን በዚያ ትንሽ ፑሌጃና በዚያ ቅንብር ላይ ሙሉ አየር ከገባ ፒስተኑ ይቀልጣል፤ በረሃ መሃል፣ ሰው ሳይኖር። ረሺድን አይወደውም፤ እንዲያውም አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለበትና ራሱን ፈራው። የገዛ እጁ ያበላሸውን ሞተር እያወቀ ሊሸኝ ግን አልቻለም።

ረሺድ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ሲመጣ፣ ምስጋናው ጨርቁን በሁለት እጁ ዘርግቶ ጠበቀው።

«ጀናቡ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ሁሉንም ነገረው። ፊቱን ለጥፊ አዘጋጅቶ።

ጥፊው አልመጣም። ረሺድ የሚያየው በሩን ነበር። ከውጭ ወጣቶች ጎማ እያንከባለሉ መንገድ ሊዘጉ ሲሯሯጡ ይሰማል።

«እንዲሁ ብነዳው ከግብፅ ድንበር፣ ከሐልፋ ያደርሰኛል?»

«ቀስ ካሉ ምናልባት። የሚያሳድድዎ ካለና ነዳጁን ከረገጡት፣ ይፈነዳል።»

«አስተካክለው! ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት። አሮጌውን ፑሌጃና ቅንብሩን የሚመልሰውን መሣሪያ ባለኮምፒውተሩ የመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ ትቷቸዋል።»

ረሺድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩ አልቦታል። ምስጋናው ያን ላብ አወቀው፤ አምስት ዓመት የራሱ ግንባር ላይ የኖረ ላብ ነው። መፍቻውን አነሳ፤ አነሳና መልሶ አስቀመጠ።

«ጀዋዜ፣ ጀናቡ።»

ረሺድ ቦርሳውን ከፍቶ ፓስፖርቱን ወረወረለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንበት እየሰጋ፣ ምስጋናው ጨመረ።

«የጀሚላንም።»

ረሺድ ቀና ብሎ አየው። ምስጋናው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ እንጂ መፍቻውን አልነካም። ውጭ አንድ ጎማ መንደድ ጀመረ። ሁለተኛው ፓስፖርት እግሩ ሥር ወደቀ።

ከዚያ አምስት ንጹሕ ጨርቅ ቆጥሮ አወጣና ሥራውን ጀመረ። ፑሌጃውን ቀየረ፣ ቅንብሩን መለሰ፣ ቱቦውን አጠበ፣ ገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ ጌጁ በልኩ ወጣ፤ ከልኩም አላለፈ። ረሺድ አላመሰገነም። በጓሮው በር ወጥቶ ሄደ።

ምስጋናው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጨርቆች ቆጠረ። አራት ናቸው። እንደገና ቆጠረ፤ አራት። ላቡ በጀርባው ወረደ። ወደ በሩ ሮጠ፤ መኪናው የለም። ተንበርክኮ መሬቱን፣ የመሣሪያ ሳጥኑን፣ ኪሱን በረበረ። ሸሚዙ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ፣ አንድ ነገር ቆረቆረው።

አምስተኛው ጨርቅ እዚያ ነበር። ዘይት እንዳይነካቸው ብሎ ሁለቱን ፓስፖርቶች የጠቀለለበት ራሱ ነው። መሬት ላይ ተቀመጠና ወደ ጀሚላ ደወለ።