ምራቂ የተጨመረበት ጥይት

ያ ጉብታ ካርታ ላይ ስም አልነበረውም፤ እኛ «ደረቁ» እንለው ነበር። ልጄ ሊዲያ ሳታውቅ ያስታወሰችኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ ኦስሎ ከተማ ቫይትቬት ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ኖርዌጂያዊው ጎረቤታችን ኤልግ የሚሉትን ትልቅ አጋዘን ለማደን በእጁ የሞላቸው ጥይቶች ዒላማ ላይ ተበታትነውበት፣ እንደገና እየፈታ ባሩዳቸውን በሚዛን ያስተካክል ነበር።

«አባዬ፣ አንተም እንዲህ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ያ፣ አንዴ» አልኳት፤ «አዎ»ን በአገሩ ቋንቋ ማለት ለምጃለሁ።

«እንደሱ ለኤልግ አደን?»

«ኔይ፣ አይደለም። ለውሃ።»

ያኔ ወታደር ነበርኩ፤ ጉብታውን ንጋት ላይ እንድንይዝ ታዘዝን። ያዝነው። ውሃው ግን ከታች ሸለቆው ውስጥ ቀረ። ወደዚያ የሚያስወርደውን ብቸኛ መንገድ ቀን ቀን ከማዶ አንድ አልሞ ተኳሽ ይጠብቀዋል፤ ሌሊት ደግሞ ሞርታር አያሳልፍም። ሁለት ጓዶቻችን ጄሪካን እንደያዙ እዚያው ቀሩ። ምሽጉ ውስጥ ቁስለኞች ተኝተዋል። ጭኑን የተመታው ዓለሙ «ውሃ» ማለቱን እንኳ ትቷል። ተስፋ ቆርጠን ነበር፤ አልዋሽም።

የእኛ አልሞ ተኳሽ ሃምሳ አለቃ ታደሰ ጥይታቸው አልቋል። የቀረን የመትረየስ ጥይት ነው። ለጠመንጃቸው ይሆናል፣ ግን ባሩዱ እኩል ስላልሆነ ርቀት ላይ አንዱ ሽቅብ አንዱ ወደ ጎን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረሮቹን ከቀለሃቸው በፒንሳ አስነቀሉና ባሩዱን ሸራ ላይ ደባለቁት። ቀለህ ቆርጠው መስፈሪያ አበጁ። «እኩል እኩል ሙሉ» ብለውን ወደ ቦታቸው ሄዱ። ብዙውን የሞላው ግርማ ነው። የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፣ የዓለሙ የልብ ጓደኛ።

ሃምሳ አለቃ ቀትር ላይ ተኮሱ። ከፍ አለ። ደገሙ። ዝቅ አለ። ከማዶ መልሱ መጥቶ የአሸዋ ከረጢታችንን ቀደደው።

ሃምሳ አለቃ ተስበው ተመለሱ። «ግርማ፣ እስቲ ፊቴ ሙላ» አሉ።

ግርማ መስፈሪያውን ሞላ። ከዚያ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ከላይ ጨመረበት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምራቂ ነዋ፣ ሃምሳ አለቃ። ጉልበት እንዲኖረው ብዬ… ለዓለሙ።»

ገበያ ላይ ከስፍር በላይ ለገዢው የሚጨመረውን ምራቂ የለመደ እጅ ነው፤ አንዴ ይቆነጥራል፣ አንዴ ያፍሳል። ልመታው ቃጣኝ። ዓይኑን ሳይ ተውኩት።

«እዚህ ምራቂ የለም፣ ልጄ» አሉት። «ሁሉንም ፍቱ።»

እንደገና ፈታን። መስፈሪያውን በምላጭ እየላጨን ሞላን፤ አረሮቹንም እኩል እስኪገቡ ድረስ አስተካከልን። በጥም ደክመን ባሩዱ እየፈሰሰብን ደጋግመን ጀመርን። በዚህ መሃል ዓለሙ እናቱን ተጣራ። ግርማ ቀና አላለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሃምሳ አለቃ አንድ ጊዜ ተኮሱ። ከማዶ መልስ አልመጣም። ግርማ ማንም ሳያዘው ጄሪካን ይዞ ወረደ። ውሃ ይዞልን መጣ።

ሙታናችንን ቆጠርን። ሁለቱ መንገዱ ላይ፣ ሦስቱ ምሽግ ውስጥ። ዓለሙ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ጥይቱን ዳግም በሞላንባቸው ሰዓታት አረፈ። ከማዶ የወደቀውንም እኔ አብሬ እቆጥረዋለሁ፤ እሱም የሚጠብቀው ቤት ነበረው። የቀሩት ቁስለኞች ጠጡ። ግርማ የራሱን ድርሻ በእፍኙ እየጨለፈ የዓለሙን ፊት አጠበበት። ጠጣ ብንለው እምቢ አለ።

ሃምሳ አለቃ አጠገቡ ቁጭ ብለው «የገደለው ጥሙ ነው» አሉት። ግርማ ፊቱን ማጠቡን ቀጠለ። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ሳስበው ኖሬ፣ ከዚያ የተሻለ የምለው አላገኘሁም።